ከመጀመሪያው የደም ከረጢት በፊት

የሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴሎች የማጭድ ቅርጽ የሚይዙበት በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ሕመምተኛ በየወሩ ደም ሲወስድ ብዙ ሰው ምክንያቱ የደም ማነስ ይመስለዋል። ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ሴል ፕሮቲን) በዴሲሊትር 7 ወይም 8 ግራም ሆኖ የኖረ ሰውነት ግን ያንን ለምዶታል፤ ለቁጥሩ ሲባል ብቻ ደም አይሰጠውም። የሚፈለገው ማጭድ የሚመስሉት ሴሎች በጤናማ ሴሎች መሐል ድርሻቸው እንዲያንስ ነው። የተለመደው ግብ ቀጣዩ ደም ሊሰጥ ሲል የሚለካው ሄሞግሎቢን ኤስ፣ ማለትም ሴሎቹን ማጭድ የሚያስመስለው ዓይነት፣ ከ30 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚደገመውም ለዚሁ ነው።

ጥቅሙ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት፣ በዶፕለር ምርመራ (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚለካው) በአንጎላቸው የደም ሥር የሚያልፈው ደም ፍጥነት በሰከንድ 200 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ልጆች ደም በመደበኛነት ሲወስዱ፣ የመጀመሪያ ስትሮክ አደጋቸው ከ90 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳየ። በ2005 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ደሙ ሲቋረጥ አደጋው ተመልሶ እንደሚመጣ አረጋገጠ። ስለዚህ «እስኪሻለው ትንሽ ይውሰድ» ብሎ ነገር የለም።

ለዓመታት ከሆነ ደግሞ ብረቱ ይጠራቀማል። በአንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት አለ፤ ሰውነት በቀን የሚያስወግደው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። በወር ሁለት ከረጢት የሚወስድ አዋቂ በዓመት ወደ 5 ግራም ይጨምራል፤ ጤነኛ አዋቂ በመላ ሰውነቱ ያለው ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። የራሱን ደም እያወጡ በሌላ መተካት ክምችቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ደሙ በላይ በላዩ ብቻ ሲጨመር ግን እንደ ዲፌራሲሮክስ ያለ ብረት የሚያስወግድ መድኃኒት የግድ ይሆናል። የተከማቸውን ብረት የሚጠቁመው የደም ልኬት፣ ፌሪቲን፣ ሕመሙ በተነሳበት ወቅት አይለካ፤ ብግነት ስለሚያንረው ያሳስታል።

የብረቱ ነገርስ ይለካል፣ ይታከማል። ይበልጥ የሚያሳስበው ሰውነት በባዕድ ደም ላይ የሚያመርተው አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድ ሴሎችን የሚያጠቃ የመከላከያ ፕሮቲን፣ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ኦ እና አርኤች ዲ መግጠማቸው ለእነዚህ ሕመምተኞች አይበቃም፤ ቢያንስ ሲ፣ ኢ እና ኬል የተባሉት አንቲጂኖችም (በቀይ ሴሎች ላይ ያሉ መለያዎች) መገጣጠም አለባቸው። ይህ የሕመምተኛው አንቲጂኖች ዝርዝር የሚመረመረው ከመጀመሪያው ከረጢት በፊት ነው። አንዴ ደም ከተሰጠ የለጋሹ ሴሎች እስከ 3 ወር ድረስ ስለሚቀላቀሉ ተራው ምርመራ ያምታታል፤ ያኔ የጂን ምርመራ ያስፈልጋል፣ እሱም በየቦታው አይገኝም።

ክፋቱ፣ አንቲቦዲው ከወራት በኋላ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ይወርዳል። ሕመምተኛው ሌላ ሆስፒታል ሲሄድ ክሮስማቹ (የለጋሹንና የሕመምተኛውን ደም የሚያስተያየው ምርመራ) «ገጥሟል» ይላል፣ ደሙም ይሰጣል። ከጥቂት ቀናት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ግን ሕመሙ ይነሳል፣ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ይጠቁራል፣ ሄሞግሎቢኑ ደም ሳይሰጠው ከነበረውም በታች ይወርዳል። ሐኪሙ የተለመደው የሲክል ሴል ሕመም መስሎት ተጨማሪ ደም ያዝዛል። እሳት ላይ ቤንዚን ማለት ይህ ነው፤ የተጨመረውም አብሮ ሊፈርስ ይችላል፣ አንዳንዴ የራሱ ሴሎች ጭምር። ልዩነቱን የሚያሳየው ከለጋሹ ደም የሚመጣው ጤናማው ሄሞግሎቢን ኤ ነው፤ የተሰጠው ደም እየፈረሰ ከሆነ ድርሻው ይቀንሳል። ግን ደሙ እንደተሰጠ ካልተለካና ካልተመዘገበ ከምን ጋር ይነጻጸራል?

ስለዚህ አንድም ከረጢት ሳይሰቀል ለሕመምተኛው ካርድ ይሰጠው። የደም ዓይነቱ ከነዝርዝር አንቲጂኖቹ፣ የተገኘበት አንቲቦዲ ሁሉ፣ የተገኘበት ቀን፣ የወሰደው ከረጢት ብዛት ይጻፍበት። ምርመራው ኋላ ላይ «ምንም የለም» ቢልም ከካርዱ ላይ አንድም ስም አይሰረዝም።