«ተመርመሩ» ካልን በኋላ

የማህፀን በር ካንሰር ሲነሳ ጅማ ላይ የምንሰማው ጥሪ አንድ ነው፤ «እናቶች፣ ኑ ተመርመሩ!» ጥሪው ተገቢ ነው። ይህ ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ቀድመው ከደረሱበት ደግሞ መከላከል ይቻላል። ግን ሴቶቹ ማወቅ የሚፈልጉት ከጥሪው በኋላ ያለውን ነው፤ እሱን የሚነግራቸው የለም።

ቆጪ ሰፈር ቡና ላይ አንዲት ጎረቤት «ምንም ሳያመኝ ምን ልሁን ብዬ ነው የምመረመረው?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «ፖዘቲቭ ካሉሽማ አለቀልሽ» አለቻት። «ግንዛቤ የላቸውም» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ሁለቱም የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። መልስ የሚሰጣቸው ነው የጠፋው።

ምርመራው የታሰበው ልክ እንደዚያች ጎረቤት ምንም ላላመማት ሴት ነው። በሽታውን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያስወግደዋል። አልወጣ ካለ ግን ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ሕመም የለውም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ይመርመሩ የሚባለውም ለዚህ ነው። ኤችአይቪ ያለባት ሴት ቀደም ብላ ትጀምራለች፣ ቶሎ ቶሎም ትመላለሳለች። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጠች በኋላ ደም የሚታያት ሴት ግን ዘመቻ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ትይ።

ጤና ጣቢያ ላይ የሚሆነው ይህ ነው። ባለሙያዋ የማህፀን በሩን አሴቲክ አሲድ ትቀባለች፤ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ ነጭ የሆነ ቦታ ካየች ውጤቱ ፖዘቲቭ ይባላል። ይህ ካንሰር ማለት አይደለም። ሳይታከም ራሱ የሚጠፋም አለ። ምርመራው የሚያመልጠውም አለ፤ ስለዚህ ኔጌቲቭ የተባለችም በቀጠሮዋ መመለስ አለባት።

ፖዘቲቭ ከሆነች ብዙ ጊዜ እዚያው በዚያው ቀን ነጭ የሆነው ቦታ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት እንዲወገድ ተደርጎ ትታከማለች። ከዚያ ለአንድ ወር ገደማ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፤ ግንኙነትም አይፈቀድም። ይህን አልጋ ላይ ተኝታ የሰማች ሴት ቤት ገብታ ለባሏ ምን ትበል? አስቀድማ ብታውቅ ኖሮ ተነጋግራበት ትመጣ ነበር። ወንድ ባለሙያ ከሆነ የሚያያትም አስቀድሞ ይነገራት። ሴት ባለሙያ የምትገባበትን ቀን በር ላይ መለጠፍ እኮ ገንዘብ አይጠይቅም። በጅማ ዙሪያ ካሉት ከሰቃ፣ ከማና፣ ከዴዶ ለምትመጣ እናትም ማብራሪያው በአፋን ኦሮሞ ይሁን። በአማርኛ ተነግሯት አንገቷን ስለነቀነቀች ተስማማች ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ ከምርመራው በፊት አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሪፖርት ላይ የሚገባው የተመረመሩት ቁጥር ስለሆነ ባለሙያውም እንደሚቸኩል ይገባኛል። ሰምታ «ላስብበት» ያለችውን ግን እንደ እምቢተኛ አንቁጠራት። ከእህቷ ወይም ከባሏ ጋር ትማከር፤ የምትመለስበት ቀንና የምትጠይቃት ሲስተር ስም በወረቀት ይሰጣት።