የአሰልጣኝን ዕድሜ በአንድ ጨዋታ ለምትለኩ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ ይህን ተግሳጽ የምጽፈው ለፌዴሬሽንም ለሚኒስቴርም አይደለም፤ እነርሱን የሚወቅስ ሰው አላጣንም። የምጽፈው ለእኛ ለተመልካቾቹ ነው፤ ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ማግስት ወደ ሬዲዮ ጣቢያ እየደወልን፣ በማኅበራዊ መገናኛው እየጻፍን፣ በየሻይ ቤቱ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ‹‹አሰልጣኙ ይነሣልን›› ለምንለው ለእኛው ነው። ጩኸታችን ሜዳ ላይ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ባልተናገርሁ ነበር፤ ነገር ግን ይሰማል። ኃላፊዎች ሕዝቡን ለማብረድ ሲሉ ሰው ያሰናብታሉ፤ እኛም የሚቀጥለው ሽንፈት እስኪመጣ ድረስ ረክተን እንቀመጣለን።

ጊዜ የተሰጠው አሰልጣኝ ምን ሊሠራ እንደሚችል ላሳያችሁ የምፈልገው በእጅ ኳስ ነው። እጅ ኳስ በአገራችን ብዙ ተከታይ ስለሌለው ስሜታችን ሳይቀድመን ልንመረምረው እንችላለን። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቶሪር ሄርጌይርሶን በ1964 በአይስላንድ ተወለዱ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ኖርዌይ ተሻግረው ስፖርት አጠኑ፤ በዚያው ቀርተውም በአሰልጣኝነት ኖሩ። ከ2001 ጀምሮ የኖርዌይ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ሆኑ። ዋና አሰልጣኟ በዚያን ጊዜ ማሪት ብሬይቪክ ነበሩ፤ እርሳቸውም ቡድኑን ከ1994 እስከ 2009 መርተው በ1999 የዓለም ሻምፒዮና፣ በ2008 ደግሞ በቤይጂንግ የኦሊምፒክ ወርቅ ያስገኙ ሴት ናቸው። ብሬይቪክ ሲለቁ ኃላፊነቱ ለምክትላቸው ተሰጠ። ቶሪር ከ2009 እስከ 2024 ድረስ ቡድኑን በዋና አሰልጣኝነት ሲመሩ 17 ሜዳልያዎች ተገኙ። ከእነዚህ 11ዱ ወርቅ ናቸው፤ 6 በአውሮፓ ሻምፒዮና፣ 3 በዓለም ሻምፒዮና፣ 2 ደግሞ በኦሊምፒክ፣ በለንደን 2012 እና በፓሪስ 2024። እንግዲህ አስቡት፤ በ30 ዓመት ውስጥ ይህ ቡድን የነበረው ዋና አሰልጣኝ ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ዓይናችን የሚያርፈው በወርቁ ላይ ነው። እኔ ግን ዓይናችሁን ከወርቁ በፊት ወደነበሩት ስምንት የምክትልነት ዓመታት እንድትመልሱ እለምናችኋለሁ። በእነዚያ ዓመታት ስማቸው በጋዜጣ ርእስ ላይ አይወጣም ነበር። ሥራቸው ከዋናዋ አሰልጣኝ አጠገብ ተቀምጦ ማየት፣ መመዝገብና የተጫዋቾችን ጠባይ ማወቅ ነበር። ብሬይቪክ ለተጫዋቾቻቸው የመወሰን ኃላፊነት በማካፈል የታወቁ ነበሩ፤ ቶሪርም ያን ልማድ ከሥሩ ስለሚያውቁት አላፈረሱትም። ዋና አሰልጣኝ በሆኑ ጊዜ ከተጫዋቾቹ ጋር ለመተዋወቅ አንድ ውድድር ማባከን አላስፈለጋቸውም፤ በ2009 ቻይና ላይ ቡድኑ ነሐስ አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2011 ደግሞ ብራዚል ውስጥ የዓለምን ዋንጫ አነሣ። እኛ ዘንድ ምክትል አሰልጣኝን ማን ያውቀዋል? ዋናው ሲነሣ እርሱም አብሮ ይነሣል፤ አዲሱም የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል፤ ስለ ተጫዋቾቹ ጉዳት፣ ስለ ልምምዱ፣ ስለ ተጋጣሚዎቹ በዓመታት የተሰበሰበው እውቀት ሁሉ በአንድ የስንብት ደብዳቤ ከቢሮ ይወጣል። ከዋንጫ ማጣት ይልቅ ለእኔ የሚያሳዝነኝ ይህ ብክነት ነው።

ደግሞም የእኚህ ሰው መንገድ ሁልጊዜ የቀና አልነበረም። በለንደን ኦሊምፒክ ቡድናቸው ከምድቡ ያለፈው አራተኛ ሆኖ ነው፤ ሩብ ፍጻሜ የገባው በመጨረሻው በር ነው ማለት ይቻላል፤ ወርቁን ይዞ የተመለሰው ግን እርሱ ነው። በ2013 ሰርቢያ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በሩብ ፍጻሜ ወድቆ አምስተኛ ሆነ። በ2018 የአውሮፓ ሻምፒዮና እንደገና አምስተኛ፣ በ2019 የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ አራተኛ ወጣ፤ ወርቅ ለለመደ አገር ሁለት ተከታታይ ዓመት ያለ ሜዳልያ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። አሰልጣኙ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ቡድኑም በ2020 የአውሮፓን፣ በ2021 የዓለምን፣ በ2022 እንደገና የአውሮፓን ወርቅ ወሰደ። በፓሪስ ኦሊምፒክ የመጀመሪያ ጨዋታውን በስዊድን 32 ለ28 ተሸነፈ። ያ ሽንፈት የእኛ ቢሆን ኖሮ በዚያች ሌሊት ምን እንል እንደነበር እያንዳንዳችሁ ታውቃላችሁ። ኖርዌይ ከዚያ በኋላ የነበሩትን ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፋ፣ በፍጻሜው አስተናጋጇን ፈረንሳይን በገዛ አገሯ 29 ለ21 ረታች።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዋልያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013 የአፍሪካ ዋንጫ አበቁ። በዚያው ዓመት ቡድናቸው ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ እስከ መጨረሻው ዙር ደርሶ ከናይጄሪያ ጋር ተጫወተ፤ እንዲህ ያለውን ነገር የእኔ ትውልድ ከዚያ በፊት አላየም። በ2014 መጀመሪያ በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የአፍሪካ ሻምፒዮና፣ በቻን፣ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዎች ተሸነፍን፤ አሰልጣኙም ብዙ ሳይቆዩ ተሰናበቱ። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ባንዲራ ለብሰን የጨፈርን እኛው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ‹‹ጊዜያቸው አልፏል›› ብለን ፈረድን። ከእርሳቸው በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ አንድ ዓመት ገደማ ቆይተው ሄዱ። ከዚያ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ ተከታተሉ። አስር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የተፈራረቁትን እነዚህን ሰዎች በችሎታቸው ለማማት አይደለም የምጠራቸው። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ የቶሪርን የምክትልነት ዘመን ያህል በዋናው ወንበር እንዲቀመጥ አልፈቀድንም፤ ስለዚህ ምን ሊሠሩ ይችሉ እንደነበር ለማወቅ ዕድሉን ራሳችን ዘግተነዋል።

‹‹ኖርዌይ ሀብታም ናት፤ ልጆቿ ከሕፃንነታቸው በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ይጫወታሉ›› የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ትዕግሥት ብቻውን ወርቅ አያመጣም። ነገር ግን ድህነት ለችኮላችን ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ይልቁን ውል አፍርሶ ካሣ መክፈል፣ አዲስ ሰው መቅጠርና ሁሉን ከሀ መጀመር ከሀብታም ይልቅ ድሃን ይጎዳል። ሕዝቧ ከስድስት ሚሊዮን የማይበልጥ አገር ያላትን ሰው በጥንቃቄ ስትይዝ፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሆንን እኛ ሰው እንደማያልቅብን አድርገን እንጥላለን።

የውጭ አሰልጣኝ ነገርም አለ። አንዳንዶቻችሁ የውጭ ዜጋ ካልመጣ ቡድናችን አይድንም ትላላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ባዕድ አይንካው ትላላችሁ። ቶሪር ለኖርዌይ ባዕድ ነበሩ። ይሁን እንጂ የመጡት እንደ አዳኝ በአውሮፕላን ተጭነው ሳይሆን ለመማር ነው፤ በዚያው አድገው፣ በምክትልነት አገልግለው፣ በሥራቸው ታውቀው ተሾሙ። ስለዚህ የአሰልጣኝ ትውልድ አገር ላይ የምናደርገው ክርክር ከዋናው ጉዳይ ያርቀናል፤ መጠየቅ ያለብን ሰውየው ተጫዋቾቻችንን ለማወቅ ምን ያህል ጊዜ ተሰጠው የሚለውን ነው።

ማንኛውም አሰልጣኝ እስከ ዕድሜ ልኩ ይቀመጥ እያልሁም አይደለም። ተጫዋቾቹን የሚያዋርድ፣ በዝምድና የሚመርጥ፣ ሥራውን የሚያቃልል ሰው ሳይውል ሳያድር ይነሣ። ቶሪርም ቢሆኑ ለዘላለም አልቀሩም፤ ከ2024 የአውሮፓ ሻምፒዮና በኋላ እንደሚለቁ ውድድሩ ሳይጀመር አስታወቁ፤ በታኅሣሥ ወር በቪየና በተደረገው ፍጻሜ ዴንማርክን 31 ለ23 አሸንፈው ተሰናበቱ። ቦታቸውን የተረከቡት ኦሌ ጉስታቭ ዬክስታድ ከብሔራዊ ቡድኑ ምክትሎች መካከል የተገኙ አይደሉም፤ ነገር ግን የኖርዌዩን ክለብ ቫይፐርስን ይዘው የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፉ፣ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹን በቅርብ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አዲስ አሰልጣኝ መሾሙ በተነገረ ቀን፣ ገና አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ጠይቁ። ውሉ የስንት ዓመት ነው? ምክትሎቹ እነማን ናቸው? ከቀድሞው አሰልጣኝ ጋር የሠራ ሰው ከመካከላቸው አለ ወይ? የተጫዋቾቹ የሕክምናና የልምምድ መዝገብ ለማን ተላልፏል? አሰልጣኙ የሚመዘነውስ በምን ነው፣ በስንተኛው ዓመት? ለእነዚህ መልስ ካጣችሁ ድምፃችሁን በዚያን ጊዜ ከፍ አድርጉ፤ ወደ ሬዲዮ ጣቢያውም ደውሉ፤ እኔም አብሬያችሁ እጮኻለሁ። መልሱን ካገኛችሁና ከተስማማችሁበት ግን በመጀመሪያው ሽንፈት ማግስት ስልኩን አታንሡ።