ረዳት አብራሪውን የሰማው አልነበረም

ስለ አየር ትራፊክ ቁጥጥር ያነበብኩት ጽሑፍ «ተቆጣጣሪ ያዛል፣ አብራሪ ይፈጽማል» ብሎ መደምደሙ አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ2002 በጀርመን ዩበርሊንገን ሰማይ ላይ የሆነውን እናስታውስ። ሁለት አውሮፕላኖች ሊጋጩ ሲቃረቡ፣ በስዊዘርላንድ የዙሪኩ ተቆጣጣሪ የሩሲያውን የመንገደኞች አውሮፕላን ቱፖሌቭን «ውረድ» አለው፤ የአውሮፕላኑ የግጭት መከላከያ መሣሪያ ደግሞ «ውጣ» ይላል። ረዳት አብራሪው መሣሪያው ውጡ እንደሚል ተናግሮ ነበር፤ መልሱ ግን «እሱ (ተቆጣጣሪው) እያወረደን ነው» የሚል ሆነ። ሌላኛው አውሮፕላን፣ ዕቃ ጫኙ ቦይንግ፣ የራሱን መሣሪያ ታዞ እየወረደ ነበር፤ ተጋጩ። 71 ሰው አለቀ፤ የሚበዙት ልጆች።

ዛሬ ሕጉ ግልጽ ነው፦ መሣሪያው ከተናገረ አብራሪው እሱን ይከተላል፣ ተቆጣጣሪውም ተቃራኒ ትዕዛዝ አይሰጥም። ተቆጣጣሪውን ብቻ መውቀስም አልወድም። ባልደረባው ዕረፍት ላይ፣ ዋናው ስልክ ለጥገና ተቋርጦ፣ ሁለት የራዳር ማሳያ ብቻውን ይጠብቅ ነበር።