እርማት፦ እንግሊዝኛ ኦፊሴላዊ ሆነ ማለት አስተርጓሚ ቀረ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «አንድ የአሜሪካ ስቴት እንግሊዝኛን ኦፊሴላዊ ካደረገ በቃ፣ ሆስፒታልም አስተርጓሚ የለም» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን ስህተት ነው።

ካሊፎርኒያን ተመልከት። በ1986 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ «ፕሮፖዚሽን 63» የተባለውን የሕግ ሐሳብ በድምፁ አጽድቆ እንግሊዝኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጎ በስቴቱ ሕገ መንግሥት አስገባ። ታዲያ ምን ተለወጠ? የምርጫ ወረቀቱ ዛሬም በስፓኒሽና በቻይንኛ ጭምር ይታተማል። የፌዴራል ሕግ ከስቴት ሕግ በላይ ነዋ! የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ተቋም ሰውን በመጣበት አገር እንዳያገል ያዛል። በ1974 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንግሊዝኛ በማይችሉ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ ይህን ከቋንቋ ጋር አያያዘው። ስለዚህ እማማ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ይጠይቁ። የጎረቤት ልጅ መለመን የለባቸውም።

አሪዞና ግን አበዛችው። ሠራተኞቿ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሠሩ በ1988 ደነገገች፤ በ1998 የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው።

አንድ ነገር ግን እውነት ነው፦ የምርጫ ወረቀትን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ አማርኛን አይጨምርም። እሱ ግን ከኦፊሴላዊ ቋንቋ ጋር አይገናኝም።