ዘጠኝ ጉድጓድ፣ አንድ አማካሪ

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ማክላረን ፓርክ ኮረብታ ላይ፣ ግሌንኢግልስ የሚባል የከተማው የጎልፍ ሜዳ አለ። ጃክ ፍሌሚንግ ነድፎት በ1962 እንደ ፈረንጆቹ ተከፈተ። ጉድጓዱ ዘጠኝ ነው፤ 18 የሚያምረው ሁለቴ ይዞራል። “ዘጠኝ ብቻ?” ብሎ የናቀ ሰው ሦስተኛው ጋ ሳይደርስ ኳስ መበደር ይጀምራል።

የማዘጋጃ ቤት ሜዳ ወጉ፣ ብቻውን የመጣን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አራት አድርጎ ማጣመር ነው። ከመሃላቸው አማካሪ አይጠፋም። ሕጉ የፈቀደለትን 14 ዱላ ተሸክሞ የሰው አመታት ያርማል፤ የራሱ ኳስ ዛፍ ሥር ናት። “ጭንቅላትህን አታንሳ!” ይላል። ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ ይቺው ናት።

እዚህ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ተዳፋቱ ነው። ኳሷ ከእግር ከፍ ብላ ከተቀመጠች፣ በቀኝ ለሚመታ ወደ ግራ ታደላለች፤ ዱላውን አሳጥሮ ይዞ ወደ ቀኝ ማነጣጠር ነው። ዝቅ ካለች ወደ ቀኝ ትሸሻለች፤ ጉልበት ሸብረክ አድርጎ ወደ ግራ። ዳገት ላይ ደግሞ በደልዳላ ቦታ 7 ቁጥር ዱላ የሚበቃው ርቀት፣ አርቆ የሚመታውን 6 ቁጥር ይጠይቃል። አማካሪው ይህን አያጣውም፤ ግን 7ቱን ሲያወጣ ሰው አይቶታል፣ እንዴት ብሎ ይቀይር!

ኳስ ሲጠፋ እውነተኛው ማኅበራዊ ኑሮ ይጀመራል። ለፍለጋ የሚሰጠው 3 ደቂቃ ነው፤ እስከ 2018 ድረስ 5 ነበር። ካልተገኘች አንድ ምት ተቀጥቶ ወደመቱበት መመለስ ነው፣ ያንኑ ዳገት። ከዚህ ለመዳን ቀድሞ “ጊዜያዊ ኳስ ልመታ ነው” ብሎ አስታውቆ ሌላ መምታት ይቻላል። ይህን ማለት ግን የፊተኛዋን ሞት ማመን ነውና አማካሪው “አይቻታለሁ፣ ከግንዱ ጀርባ ናት” ይላል። አራቱም እንደ ለቀስተኛ አንገታቸውን ደፍተው ቅጠል ይገላልጣሉ። ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ወገባቸውን ይዘው ያፈጣሉ። ያኔ ከኪስ ሹልክ ያለች ኳስ ሣር ላይ ታርፍና “አገኘኋት!” ይባላል።

አማካሪው፣ ኳሷ ለመሰናክል የተሠራው አሸዋ ውስጥ ስትገባ ብቻ ዝም ይላል። ኳሷን ሳይሆን ከኋላዋ 5 ሴንቲሜትር ያህል ያለውን አሸዋ፣ የዱላውን ፊት ከፈት አድርጎ መምታት ነው። ፈርቶ መሃል ላይ ካቆመ ኳሷ እዚያው ትቀራለች። ከመምታቱ በፊት ዱላውን ከኋላዋ አሸዋ ላይ ካሳረፈ ሁለት ምት ይቀጣል፤ አማካሪው ሁሌም ያሳርፋል፣ ሁሌም ዞር ብሎ ማን እንዳየው ያረጋግጣል።

በመጨረሻ ኳሷ 108 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። “ስንት ምት ልጻፍልህ?” ሲባል አማካሪው ጣቱን እየቆጠረ ሰማይ ያያል። “አምስት።” ስምንት የቆጠሩት ሦስቱ ትንፍሽ ሳይሉ አምስት ይጽፋሉ፤ ቀጥሎ የሚጠየቁት እነሱ ናቸዋ።