ወጡ ይጠብቅ፣ የክብር እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው

ምግብ እንዳይባክን የሚታገሉ ወገኖቻችን እየበዙልን ነው። እግዜር ይስጣቸው። ድሮ የድግስ ትራፊ ዝም ብሎ ይደፋ ነበር። አሁን ፕሮግራም ወጥቶለት፣ ባነር ተሰቅሎለት፣ ንግግር ተደርጎለት ነው የሚደፋው።

ባለፈው እሁድ ይህ ክብር ለእኛም ሰፈር ደረሰ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ እሱ ላይ ቀልድ የለኝም። ከአንድ የሰርግ አዳራሽ ሰው ያልነካውን የምሳ ትራፊ ሰብስቦ ለሰፈሩ አረጋውያንና ጎዳና ለሚያድሩ ልጆች ማብላት። የሰርግ ቡፌ እንዴት እንደሚተርፍ መቼም ታውቁታላችሁ። ደጋሹ እንዳይታማ ብሎ ለ500 እንግዳ የ800 ሰው ያሠራል። እንግዳው ደግሞ ሳህኑ ላይ ክትፎ፣ ክትፎው ላይ ሩዝ፣ ሩዙ ላይ ዶሮ ወጥ፣ ጫፉ ላይ ለጤናው ብሎ አንድ ቅጠል ሰላጣ ይከምራል። ሦስቴ ጎርሶ ይነሳል። ሲወጣ «የዚህ አገር ሰው እኮ ምግብ ሲያባክን!» ይላል።

እናም ሳፋው ሞላ። ቀይ ወጡ፣ አልጫው፣ ጥብሱ፣ እንጀራው፣ ሁሉም 9 ሰዓት ላይ ሰፈር ደርሷል። ሰዎቹ ቀድመው ተሰልፈዋል። ሳህን አለ። ጭልፋ አለ። የቀረው ማውጣት ብቻ ነው።

የአዘጋጆቹን ብስለት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ተራ ሰው ቢሆን አውጥቶ፣ አብልቶ፣ እጁን ታጥቦ ይሄድ ነበር። እነሱ ግን የክብር እንግዳው ሳይመጡ ክዳን አይከፈትም አሉ።

9 ሰዓት ተኩል ላይ እንግዳው «መንገድ ላይ ናቸው» ተባለ። ጊዜው እንዳይባክን ባነሩ መሰቀል ጀመረ። (ጊዜ እንዳይባክን መጠንቀቃቸው ደስ ይላል።) ባነሩ ላይ የአዘጋጆቹ አርማ አለ። የአጋሮቹ አርማ አለ። የአጋሮቹ አጋሮች አርማም አለ። ጥግ ላይ የማተሚያ ቤቱ ስልክ አለ። «ዘላቂ» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ተጽፏል። ከተሰቀለ በኋላ ጠመመ ተብሎ ወረደ። ተቃንቶ ሲሰቀል ደግሞ አንዱ አርማ በዛፍ ተጋረደ። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚያወራ ባነር መጋረድ የለበትምና የዛፉ ቅርንጫፍ ተቆረጠ።

10 ሰዓት። እንግዳው አሁንም መንገድ ላይ ናቸው። ቲሸርትና ኮፍያ ታደለ፤ ለተሰለፉት ሳይሆን ለአሰላፊዎቹ። አንዷ በጎ ፈቃደኛ የደረሳት ቲሸርት ሰፍቷት አኩርፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ቀጥሎ የታሸገ ውሃ መጣ። እያንዳንዱ አንዴ ተጎንጭቶ ወንበር ሥር ያስቀምጠዋል። ከዚያ የራሱ የትኛው እንደሆነ ይጠፋውና ሌላ ይከፍታል። 11 ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያው ተሞከረ። «ሄሎ፣ ቴስት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት።» ሦስት ላይ ሳይደርሱ መብራት ሄደ።

መብራቱ እስኪመጣ ፎቶ አንሺው «እስቲ ልምምድ እናድርግ» አለ። ነጠላቸው ንጹሕ የሆነ አንዲት ሴት ከፊት ቆመው ነበር። «እናት፣ እርስዎ ትንሽ ወደ ኋላ» ተባሉ። ችግረኛ አይመስሉማ! በእሳቸው ፋንታ ሌላ እናት ተመረጡ። ባዶ ሳህን ተዘረጋላቸው። ሳህኑን ሰባት ሰው ይዞታል። አንድ ሳህን፣ ሰባት ሰው፣ አሥራ አራት እጅ። እጁ ያልደረሰለት የያዘውን ሰው ክርን ይዟል።

«እማማ፣ ወደዚህ ይዩ። ሳህኑን አይደለም፣ እኔን። ፈገግ ይበሉ። ኧረ እንደሱ አይሳቁ፣ ጥርስዎ በጣም ታየ። አሁን ይመልሱላቸውና እንደገና ይቀበሉ።» መለሱ፣ ተቀበሉ። ፀሐይ መጣች ተባለ፤ መለሱ፣ ተቀበሉ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ወጥቷል ተባለ፤ መለሱ፣ ተቀበሉ። እኚህ ሴት በአንድ ከሰዓት የተቀበሉት ባዶ ሳህን ለአንድ እድር ይበቃል።

12 ሰዓት ሊል ሲል እንግዳው ደረሱ። ትራፊኩን ወቀሱ። «አጭር መልእክት ያስተላልፉልናል» ተብለው ተጋበዙ። እሳቸው ደግሞ መልእክት እንጂ አጭር የሚባለውን አያውቁትም። በዓለም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደባከነ፣ 783 ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ እንደተራበ ነገሩን። ቁጥሩ ልክ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት ላይ አለ። ከጀርባቸው ያለውን ሳፋ ግን አልደመሩበትም። ከባከነው 60 በመቶ ያህሉ ከየሰው ቤት የሚጣል መሆኑንም ጠቀሱ። ስለዚህ ጥፋቱ የተሰለፉት እናቶች ሆነ፤ አዳራሹም ደጋሹም ነጻ ወጡ። ቀጥለው ሴፕቴምበር 29 ስለ ምግብ ብክነት ግንዛቤ የሚሰጥበት ዓለም አቀፍ ቀን መሆኑን አስታወሱን። ይህችን ቀን የመረጡት ሰዎች የሚያውቁን ይመስለኛል። አብዛኛውን ዓመት ከመስቀል በሁለተኛው ቀን ነው የሚውለው፤ ፍሪጅ ውስጥ የተረሳው የበዓል ክትፎ መሽተት በሚጀምርበት።

ከዚያ ሳፋው ተከፈተ። ሽታው ቀድሞ ወጣ። አልጫው አረፋ ደፍቋል። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ይሄኛው ጠዋት ተሠርቶ፣ ቡፌ ላይ ውሎ፣ የእኛ ሰፈር ፀሐይ ላይ ደግሞ ሦስት ሰዓት ቆየ። ሆኖም ሽታ ፎቶ ላይ አይወጣም። ጭልፋው ተነሳ፣ ሰባቱ ሳቁ፣ ካሜራው ብልጭ አለ። ከዚያ ተደፋ። ማታ ገጻቸው ላይ «ማዕድ አጋራን» የሚል ወጣ። ከሥሩ እጁን ያጣመረ፣ ልብ የላከ፣ «ተባረኩ» ያለ ሕዝብ ተደረደረ።

ሽሙጡን ለአንድ አፍታ ላቁመው። እዚያ የቆሙት ሰዎች እርቧቸው ነበር። ልጅ የታቀፈች ነበረች። ከዘራ የተደገፉ ሽማግሌ ነበሩ። ሦስት ሰዓት አቁማችኋቸው ስታበቁ ምግቡን ዓይናቸው እያየ ደፋችሁት። ግፍ ነው! በዚህ ከተማ ቡሌ እየገዛ የሚበላ ሰው አለ። ከሆቴል ሳህን ላይ ተጠርጎ የተቀላቀለ ትራፊ፣ በጉርሻ ተቆጥሮ ሲሸጥ ገዝቶ የሚበላ። እሱ ከማን አፍ እንደተረፈ ሳያውቅ እየጎረሰ፣ እናንተ ንጹሕ ምግብ ከድናችሁ የመኪና ጡሩንባ ትጠብቃላችሁ። አንዳችሁ እንኳ «ኧረ እናውጣላቸው» ማለት አቃታችሁ? ምን ሆናችሁ ነው?

እሺ፣ ተመለስኩ።

እውነቱን ለመናገር እናቶቻችን ይህን ሙያ አያውቁበትም ነበር። ዝክር ሲደግሱ ነዳያንን ጠርተው በትኩሱ ያበላሉ። ሰደቃ ያለበት ቤት ቄሱም ሼኹም ጎረቤቱም የሚበላው ይወጣለታል። የተረፈ እንጀራ በማግሥቱ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል። ሥጋው ቋንጣ ሆኖ ገመድ ላይ ይውላል። አንድ ሎጎ እንኳ የለበትም! ከድህነት ያልወጣነው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራ አይወቅ ይሉ ነበር ደግሞ። ግራ እጅ ካላወቀ ስልኩን ማን ሊይዝ ነው?

ባነሩ ግን እውነትም ዘላቂ ነው። ሲወርድ እነዚያ ባዶ ሳህን ሲቀበሉ የዋሉት እናት ተጠግተው «ልጄ፣ ይቺን ብትሰጡኝ፣ ጣሪያዬ ያፈሳል» አሉ። «ለሚቀጥለው ዙር ይፈለጋል እማማ» ተባሉ። ተጠቀለለና መኪና ውስጥ ገባ። ከዕለቱ ዝግጅት ሁሉ ሳይበላሽ የተመለሰ እሱ ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ዙር አንድ ሐሳብ አለኝ። አዘጋጆቹን ሲያስጨንቃቸው የዋለው ምግቡ ነው። ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ይሸታል፣ እንግዳ አይጠብቅም። ስለዚህ ይቅር። ባዶ ሳፋ ከድኖ ማምጣት ነው። ክዳኑ ካልተነሳ ፎቶ ላይ ማንም አይለየውም፣ የሚደፋም አይኖርም፣ ብክነት ዜሮ። እንግዳውም ከፈለጉ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይምጡ።