«አገር ቤት ላኩት» ከማለታችን በፊት

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አንድ ልጅ ሱስ ያዘው ሲባል፣ ብዙ ቤተሰብ ቀድሞ የሚያስበው ትኬት መቁረጥ ነው። «አገር ቤት ይሂድ፣ ከጓደኞቹ ይራቅ፣ ጸበል ይጠመቅ» ይባላል። ከፍቅር የመጣ ሐሳብ ነው። እናቱ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ቀን ቀን ማን አብሮት ይዋል? አያቱ ግቢ ግን ሰው አይጠፋም። ቡና ሲፈላ ይጠራል። ከቀረ «ምን ነካው?» ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚሸፍን ኢንሹራንስ የለም።

እኔን የሚያስፈራኝ ያለ ሐኪም ምክር መላኩ ነው። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው ዲቶክስ፣ ማለትም መጠጡን ከሰውነት የማስወጣት ሕክምና፣ በሐኪም ክትትልና በመድኃኒት የሚደረገው። ፌንታኒልና ሄሮይን የተባሉት አደንዛዥ ዕፆች ደግሞ ይብሳሉ። ጥቂት ወራት ርቆ ሲቆይ ሰውነቱ የለመደውን መጠን መቋቋም ያቅተዋል። ተመልሶ የድሮውን ያህል ከወሰደ ሊሞት ይችላል። ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን የተባሉት መድኃኒቶች የሚታዘዙት ከዚህ ለማትረፍ ነው። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» ብለው የሚያስጥሉ ወላጆች አሉ። እባካችሁ አታስጥሏቸው። ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ እዚህ አሜሪካ ሐኪሞች ይጠየቁት የነበረው ልዩ ፈቃድ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ ቀርቷል፤ የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አገር ቤትም ሕክምና አለ። አማኑኤል ሆስፒታል ስንት ሰው አድኗል! ግን «አማኑኤል ገባ» መባል ዛሬም ያሳፍራል። ያው ሀፍረት ውቅያኖስ ተሻግሮ እዚህ ድረስ ተከትሎናል። አስተርጓሚው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ቢሆንስ ብለው ቀጠሮ የሚሰርዙ አሉ። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ ሊያቀርብላችሁ ይገባል። ሌላ ስቴት ያለ ሰው በስልክ እንዲያስተረጉም ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ወይም ጭንቀቱ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው ካለ፣ በ988 ሌት ተቀን መደወል ይቻላል።

ስለ ጸበሉም ልናገር። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረው ነበር። ለአእምሮ ሕመምና ለሱስስ ለምን አይሆንም? ጠበልተኛው ክኒኑን ይዞ ቢሄድ እምነቱ አይጎድልበትም።

ልጁ መሄዱ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪሙ ይወቅ። መድኃኒቱ እዚያ መገኘቱ ይጣራ፣ የሕክምና ታሪኩ በጽሑፍ ይያዝ። ተቀባዩ ዘመድም እውነቱ ይነገረው። «ለዕረፍት ነው የመጣው» ተብሎ የተሰጠው አጎት፣ ማታ ማታ አብሮት ቢራ ሊጠጣ ይችላል።